የጋራችን ሰንጢ

ሰንጢ እንሰበስባለን ስንል የሰማ ሁሉ ይስቅብን ነበር። እኔና ጓደኛዬ ሐይቅ ላይ በአንድ ታንኳ ዓሣ የምናሰግር ሰዎች ነበርን። የምንቆርጠው ነገር ቢኖር ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ነው፣ ለቆሮሶ ደግሞ አንድ ቢላ ይበቃል። የማኅበራችን ሊቀመንበር እንዲያውም እነዚህ ሰዎች የሚያርዱት በሬ የት አለ እያለ ያሾፍብን ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ስኳር እንኳ በወረፋ በሚገኝበት ጊዜ ለማይቆርጡበት ሰንጢ መንከራተታችን እብደት ቢመስለው አልፈርድበትም።

ግን ሰንጢ የሚወደደው ስለሚቆርጥ አይደለም። መቁረጥማ የተሰበረ ጠርሙስም ይቆርጣል። እኔ አንድ ሰንጢ እጄ ሲገባ መጀመሪያ ዘግቼ ወደ ፀሐይ አነሳዋለሁ። በእጀታውና ከጀርባው ባለው ሞላ መካከል ብርሃን ሾልኮ ከታየኝ በቃ፣ ሠሪው ችኩል ነበር ማለት ነው፣ ለባለቤቱ እመልሳለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ የሚመረምረው በጆሮው ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ይከፍታል፣ ይዘጋል። መጀመሪያ ትንሽ እምቢ ብሎ፣ ከዚያ በራሱ ጉልበት ገብቶ «ቀጭ» ያለ እንደሆነ ፊቱ ይፈታል፤ ጤነኛ ነው ይላል። ብርሃን ይበልጣል ድምፅ ይበልጣል ስንባባል መረባችንን ረስተን የዋልንበት ቀን አለ። የምንስማማው በእጀታ ብቻ ነበር። የሰው መዳፍ ያለሰለሰው ቀንድ ከአዲሱ እንደሚበልጥ ሁለታችንም አንጠራጠርም።

ይህቺን ሰንጢ ያገኘናት ከአሰብ ጭኖ ወደ ሰሜን ከሚያልፍ ሾፌር ነው። ከተማው ውስጥ ምሳውን በልቶ ብርቱካን ሲልጥባት አየናት። እጀታዋ ጥቁር ቀንድ ነው፤ በውስጧ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ቢላ ጎን ለጎን ይታጠፋሉ። ለምነን ተቀበልነው። ፀሐይ ላይ ባነሳት በእጀታዋ በኩል የሚሾልክ ብርሃን የለም። ጓደኛዬ ከፍቶ ዘጋት፣ ፊቱ ተፈታ። ሾፌሩ ያን ቀን ያሰገርነውን ዓሣ በሙሉ ወስዶ ሰንጢዋን ሰጠን።

ታንኳው የሁለታችን፣ ዓሣውም የሁለታችን ስለነበር ሰንጢዋም የሁለታችን ሆነች። አንድ ሳምንት እሱ ዘንድ፣ አንድ ሳምንት እኔ ዘንድ እንድትቀመጥ ተስማማን። ሊቀመንበሩ በስብሰባ ስለ ጋራ ንብረት ሲያስረዳ እኛ ከኋላ ተቀምጠን በክርን እንጎሻሸም ነበር። አንድ ሕግ ብቻ አወጣንላት፤ ሥጋ አትነካም። እሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን። በእኛ አገር ሠርጉም ለቅሶውም አንድ ላይ ነው፣ ሥጋው ግን ለየብቻ ይታረዳል፣ ቢላውም ለየብቻ ነው። ዓሣ ባራኪ ስለማያሻው ከአንድ ድስት እንበላዋለን።

የአረፋ ማግስት ተራው የእኔ ነበር። ጓደኛዬ ቤታችን ሲመጣ ግን ሰንጢዋን ብቻ አልያዘም። ያለውን ሰንጢ ሁሉ የሚያስቀምጥበትን የብስኩት ቆርቆሮም ታቅፏል። እናቴ ጥግ ላይ ጥጥ ትፈትላለች። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ ነገሩን ተናገረ። የሚስቱ አባት ለበዓሉ ከአምባሰል መጥተው ነበር፤ ስለ ሕጋችን ምንም አያውቁም። የቤቱ ቢላ ቢደንዝባቸው ሰንጢዋን አንስተው የበጉን ሥጋ ዘልዝለውባታል። እሱ ጎረቤት ዘይሮ ሲመለስ ሥራው አልቆ ነበር።

ቆርቆሮውን እግሬ ሥር አኖረው።

«ከእንግዲህ እናንተ ቤት አትገባም፤ ግማሽህን አጠፋሁብህ» አለኝ። «በግማሽህ ፈንታ ይኸን ውሰድ። ወላሂ ሌላ የለኝም።»

ቆርቆሮውን ከፈትኩት። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፣ ያልተጨቃጨቅንበት አንድም የለም። ሰንጢዋን ማጣቴ አሳዝኖኛል፣ አልዋሽም። የባሰብኝ ግን እሱን ማጣት ነበር። ስጦታውን ብቀበል ባዶ እጁን ይቀራል፤ ብመልስለት እያፈረ ይኖራል። ያፈረ ሰው ደግሞ አይጨቃጨቅም። አጥበን እንያዛት እንዳልል እናቴ እሺ አትልም። ለእሱ ብላ ለብቻው ኩባያ ያስቀመጠች፣ በእጇ አጥባ የምታኖርለት ሴት ናት። እንደ ልጇ ትወደዋለች፣ በሥርዓት ግን አትደራደርም።

ልሰናበታት ብዬ ሰንጢዋን አነሳሁ። ትልቁ ቢላ ታጥቧል። ትንሹን ስከፍተው ባለፈው ሳስረክብ የቀባሁት ዘይት እንዳለ ነው። ይኽኛው ተነክቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና፣ ሽማግሌው ትንሽ ቢላ መኖሩንም አላወቁም አለኝ።

እናቴ እንዝርቷን አስቀመጠች።

«ሲታጠፉ ይነካካሉ?» አለች።

ተያየን። ይህን ጥያቄ ከእኛ በቀር የሚጠይቅ ሰው ያለ አይመስለንም ነበር። ሁለቱንም አጥፌ ወደ በሩ ሄድኩና ሆዷን ወደ ፀሐይ አዞርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ብርሃን እንዳይታየኝ ስፈልግ ኖሬ ያን ቀን እንዲታየኝ ለመንኩ። በሁለቱ ቢላዎች መካከል እንደ ጥጧ ፈትል የቀጠነ ብርሃን ከላይ እስከ ታች ወርዷል። ጓደኛዬ ተቀበለኝና ዓይኑን ጨፍኖ ሁለቱን ከፍቶ አንዱን ከሌላው አስከትሎ ዘጋ። ብረት ብረትን ሲያሽ አልተሰማም።

እናቴም መጥታ በራሷ ዓይን አየች።

«እንግዲያ ትንሿ የኛ ናት» አለች። «እጀታዋን በአመድ አሽቼ አጥባታለሁ። አንተም ቆርቆሮህን ይዘህ ተነሣ ልጄ፣ ቤቴን በብረት አትሙላው።»

ከዚያ ወዲያ ሥጋ አትንካ የሚለው ሕግ ቀረ። በእነሱ ቤት ትልቁ ይከፈታል፣ በእኛ ቤት ትንሹ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ታንኳችን ላይ ወጣን። ብዙ ሳንርቅ፣ ነገሩ የታወቀው እኮ በብርሃኑ ነው አልኩት። የምን ብርሃን፣ ጆሮዬ ባይኖር እናትህ መች ያምኑህ ነበር አለኝ። ታንኳው እስኪወዛወዝ ተጨቃጨቅን።