ዋና የማይችለው ሰማያዊ ቴምብር

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የሠራነው ተራ ነገር ቴምብር ማጠብ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት፣ ኖርዌይ አገር፣ ሃውገሩድ በሚባለው ሰፈራችን፣ ወጥ ቤታችን ውስጥ። እሱ የሰላጣ ሳህኔን ለብ ባለ ውሃ ሞልቶ ከአሮጌ የጀርመን ፖስታ የተቀደዱ ቁራጮች ይነክራል። ወረቀቱ ሲለቅ ቴምብሩን በወረንጦ አንሥቶ ፎጣዬ ላይ ያሰጣል።

"የምንበላበት ሳህን እኮ ነው!"

"ጀርመኖች ንጹሕ ናቸው፣ አትስጊ።"

ከሁሉ የሚወዳቸው ፕሬዚዳንታቸው ሲሞት የወጡትን የሐዘን ቴምብሮች ነበር። ከተራዎቹ ጋር መልካቸው አንድ ነው፤ ያው ሪዛም ሽማግሌ፣ ያው ቀለም። የሚለያቸው ዙሪያቸውን የታተመው ጥቁር ጠርዝ ብቻ ነው።

"ጥቁር ጥለት ያለው ነጠላ ለብሷል በይ" ብሎ ነበር ያስተማረኝ።

"ሟቹ ራሱ? ለራሱ ለቅሶ?"

ስድስት ናቸው። ለዓመታት አምስቱ ብቻ ነበሩት፤ ሰማያዊው ባለ ሃያ አምስት ሳንቲም አልተገኘም። በመጨረሻ እኔ አስገኘሁለት። ከትርፎቹ ሣጥን አንድ ተራ ሰማያዊ ሰርቄ ዙሪያውን በዓይን ኩሌ አጠቆርኩት። ሠላሳ ዓመት የተኳልኩ ሴት ነኝ፣ እጄ አይስትም። ከዚያ ገና ካልለያቸው ቴምብሮች መሀል ሸጎጥኩት።

ሲያገኘው በአጉሊ መነጽር ብዙ አየው። ከዚያ ተነሥቶ ግንባሬን ሳመኝ። በማግስቱ ልነግረው ነበር። በማግስቱም አልበሙን ገልጦ ፈገግ ሲል አየሁትና ተውኩት። እንዲህ እያልኩ ክረምቱ አለፈ።

በዚያች ቅዳሜ ያንኑ ሰማያዊ ከአልበሙ አውጥቶ በወረንጦ ሳህኑ ላይ አንጠለጠለው። እኔን አየኝ፣ ውሃውን አየ።

"ይሄ እንኳ ዋና አይችልም" አለና ወደ ቦታው መለሰው።

ሰኞ ልቡ ቀጥ አለች።

ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት አንዷ፣ ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤቴ፣ አልበሙን ገልጣ አማተበች። "እናንተዬ! የፈረንጅ ሐዘን እየለቀማችሁ ቤታችሁ አስገባችሁት?" አለች። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ። ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ እንባ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ።

አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ኖርዌያዊ ሽማግሌ ደወሉ። አልናብሩ በሚባለው ሰፈር መጋዘን አብረውት የሠሩ፣ የቴምብር ሰብሳቢዎቹን ክበብም ያስለመዱት ናቸው። ኖርዌይኛ አንቱታ የለውም፤ በልቤ ግን አንቱ እላቸዋለሁ። ክበቡ ሊያስበው ስለፈለገ ስድስቱን ይዤ እንድመጣ ጠየቁኝ።

ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ያ ሁሉ አዋቂ በመነጽር ሲያየው፣ ባሌ ኩልና የማተሚያ ቀለም የማይለይ ሞኝ ሊባል ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ አታልዬው እንደሞተ ማወቄ ነበር።

ቀድሜ ሄጄ ሽማግሌውን ክበቡ ደጅ ላይ ያዝኳቸው።

"ሰማያዊው የእኔ ሥራ ነው። እሱ አያውቅም፤ በእሱ እንዳትስቁ።"

"ኔይ፣ ኔይ" አሉ፣ አይደለም ለማለት እጃቸውን እያወዛወዙ። "ያገኘው ሳምንት ይዞት መጣ። ጣቱን በምራቁ አርሶ ጠርዙን ነካ አደረገና ጥቁር ጣቱን ለሁላችንም አሳየን። እንደዚያ ስቀን አናውቅም።"

"ለእኔ ምንም አላለኝም!"

"አንቺ እስክትናዘዢ እየጠበቀ ነበር። መቼም መደበቅ አትችልም፣ ፊቷ ያጋልጣታል ይል ነበር።"

ከኪሳቸው ትንሽ ግልጽ ፖስታ አወጡ። ውስጡ እውነተኛው ሰማያዊ ነበር፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ከእኔ ሥራ ይልቅ የደበዘዘ።

"ይህን ያኔ ልሰጠው ብል እምቢ አለኝ። ቦታው ተይዟል አለ። አሁን ለአንቺ ነው።"

እንባዬ አልቋል ብዬ ነበር፤ ያኔ ግን ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እየሳቅሁም ነበር። ያን የመሰለ ቀጣፊ!

እውነተኛውን አልተቀበልኩም። ቦታው ተይዟል።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ክበቡ እሄዳለሁ። ቅዳሜ ጠዋት በሰላጣ ሳህኔ ቴምብር አጥባለሁ። ሰማያዊውን ውሃ አላስነካውም።