የሀረገወይን አፍንጫ

ሀረገወይን «ካየሁት የሸተተኝን አምናለሁ» ማለት ትወዳለች። ከወታደር ባሏ ጋር ነገሌ ቦረና መጥታ፣ እሱ ሲሞት እዚያው የጦር ካምፑ አጠገብ ምግብ ቤት ከፈተች። ግድግዳዋ ላይ «ከውጭ መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል። ወታደሮቹ በኮዳ ካቲካላ ይዘው ሲገቡ ገና ከበሩ ትለያቸዋለች። በዚህ ቀልድ አታውቅም፤ አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪዎች ጠረጴዛ ላይ ካቲካላ አግኝተው ቤቷን ሁለት ወር አሽገውባታል፤ ከተደገመ ፈቃዷ ይሰረዛል።

ታዲያ ኦቦ ጃታኒ የሚባሉ የሊበን ከብት አርቢ በየገበያው ቀን መምጣት ጀመሩ። በፎጣ የተጠቀለለ፣ የመጠጥ ዕቃ የሚመስል ነገር ወንበራቸው ስር ያኖሩና ሻይ ያዛሉ። ወዲያ ወዲህ ስትል በዓይናቸው ሲከተሏት ይቆዩና ጥቅሉን ሳይፈቱ ይዘውት ይሄዳሉ። የማይጠጣውን መጠጥ ተሸክሞ የሚመላለስ ምን ዓይነት ሰው ነው? ነገሩ እንቅልፍ ነሳት። በሦስተኛው ገበያ ወለል የምትጠርግ መስላ ጎንበስ አለችና አሸተተች። ጭስ ጭስ አላት። ካቲካላም በእንጨት እሳት ሲወጣ ጭስ ይይዛልና እሱ ለመሆኑ አልተጠራጠረችም።

«ኦቦ ጃታኒ፣ እስከ ዛሬ አክብሬዎት ነው ዝም ያልኩት። እሱን ነገር ከቤቴ ያውጡልኝ።»

ሽማግሌው ማስታወቂያውን አዩ፣ እሷን አዩ። «ናጋ» ብለው ተሰናብተው ጥቅላቸውን አንስተው ወጡ። ሻያቸውን አልነኩትም።

ወጥ ሠሪዋ ዲንኪቱ ከጓዳ ብቅ አለች። «እትዬ፣ ምነው አስወጧቸው? ወተት እኮ ነው። ዕቃው በጭስ ስለሚታጠን ነው እንዲያ የሸተተዎት።»

«የምን ወተት?»

«በድርቁ ከብቶቻቸው ሲያልቁ ልጆቻቸውን እዚህ ያበሉላቸው እርስዎ አይደሉ? አሁን አንዲት ላም ወለደችላቸው። ለእርስዎ ነው የሚያመጡት።»

ሀረገወይን ስንቱን አብልታ ስንቱን ታስታውስ። «ታዲያ ለምን አይሰጡኝም?»

«ዛሬ ጠዋት ጠይቄያቸው ነበር። ‹ወተት ለቆመ ሰው አልሰጥም፤ እስክትቀመጥ ልጠብቅ› አሉኝ።»

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሀረገወይን በዚያ ቤት ከእንግዳ ፊት ተቀምጣ አታውቅም። ሽርጧን ሳትፈታ ወደ ጭነት መኪናዎቹ መቆሚያ ሮጠች። ሽማግሌው ሊሳፈሩ አንድ እግራቸውን አንስተዋል። እፊታቸው አቧራው ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

ኦቦ ጃታኒ እግራቸውን መልሰው አወረዱና ፎጣውን መፍታት ጀመሩ።