ጎሚስታው ገንዳ ውስጥ የተመረጠ ጃኬት

አሰብ ወደብ ታይፒስት ሳለሁ፣ መርከብ ሥር እየጠለቁ የሚሠሩትን አዛውንት ጠላቂ በመስኮት እያየሁ ሁለት ዓመት ሙሉ ስቀና ኖርኩ። አንድ ቀን ደፍሬ አስተምሩኝ አልኳቸው። መነጽሩንና የአየር ሲሊንደሩን ሊያውሱኝ ፈቀዱ፤ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ጃኬት ግን አንድ ብቻ ነበራቸው።

«የራስሽን ይዘሽ ነይ። መልኩን አትዪ፤ ትንፋሽሽን የማይዝ ከሆነ አላስገባሽም» ብለው ቁርጡን ነገሩኝ።

የዓመት ፈቃዴን ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ከወደብ ተነስቶ የወደብ ዕቃ ፍለጋ መርካቶ መምጣት ያስቃል፤ ግን ከመርከብ የተጣለ ሁሉ በተሳቢ ተጭኖ የሚሄደው ምናለሽ ተራ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ የወሎ ሰው ዘንድ፣ በሰባራ ፋኖሶች መሃል ሁለት ጃኬት አገኘሁ። በአንገት የሚጠለቁ፣ ደረታቸው ላይ ባለ ቱቦ በአፍ የሚነፉ ናቸው። አንዱ ቀይና የሚያብረቀርቅ፣ ሌላው ፀሐይ ያነጣው፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈ። የአዛውንቱን ምክር እዚያው ረሳሁት፤ ልቤ ከቀዩ ጋር ሄደ።

«የፈረንጅ የዝናብ ልብስ ነው፤ ላንቺ የተሰፋ ነው የሚመስለው» አሉ ነጋዴው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የባሕር ነው።»

«ባሕር ውስጥ ደግሞ ምን ጠፋብሽ?» አሉና ጎረቤት ጠርተው ሳቁብኝ።

ደሜ ፈላ። ያዳነኝም እሱ ነው፤ ቀዩን ዝም ብዬ ልገዛ የነበርኩት ሴት «ነፍቼ ሳላይ አልገዛም!» አልኩ።

«እዚህ ሰፈር ሳይገዙ መንፋት የለም።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ» ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ገዢ ፊቱን ሲያዞር የማይለሰልስ የመርካቶ ነጋዴ አላየሁም። ሁለቱንም ጃኬት ራሳቸው ተሸክመው ከፊት ለፊታችን ወዳለው ጎሚስታ ተሻገሩ። ጎሚስታው የጎማ ቀዳዳ የሚፈልግበት፣ ከግማሽ በርሜል የተሠራ ገንዳ ነበረው። እኔ ነፋሁ፣ እሱ በሁለት እጁ ውሃው ውስጥ ደፈቀው። ቀዩ ከአንገቱ ሥር ቡልቅ ቡልቅ አለ።

«ይሄማ ወንፊት ነው» አለ ጎሚስታው።

አሮጌውን ሲደፍቀው እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። አንዲት አረፋ እንኳ አልወጣችም። ሰውዬው አላምን ብሎ በሙሉ ክብደቱ ሲጫነው፣ ጃኬቱ ከእጁ አምልጦ ተስፈነጠረና ያንን ጥቁር ውሃ ነጋዴው ፊት ላይ ረጨው። በእኔ የሳቀው ሰፈር ሁሉ በእሳቸው ሳቀ። እሳቸውም ፊታቸውን እየጠረጉ «አጃኢብ!» ብለው ሳቁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አሮጌውን ገዝቼ አሰብ ስመለስ አዛውንቱ ጃኬቱን ነፍተው፣ ድንጋይ አስረውበት ከጠዋት እስከ ቀትር ውሃ ውስጥ አቆዩት። አውጥተው ጨመቅ ጨመቅ አደረጉትና «ነገ ትገቢያለሽ» አሉ።

ገባሁ። አልዋሽም፣ ፈርቼ ነበር። ግን እስከ ታች ወርጄ አሸዋውን በእጄ ዘገንኩት። ስወጣ ያ የተለጠፈ ጃኬት አንገቴን ቀና አድርጎ ከፀሐዩ ሥር ውሃው ላይ አንሳፈፈኝ፤ መርከበኞቹ እስኪዞሩ ድረስ በደስታ ጮህኩ።

በዓመቱ ምናለሽ ተራ ተመልሼ ሄድኩና ነጋዴው ፊት አንድ ትልቅ ዛጎል አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ።

«ባሕር ውስጥ የጠፋብኝ» አልኳቸው።