ጤነኛው ሰውዬ

የሰውዬው ከንፈር ክው ብሎ ደርቋል። አዲሷ ነርስ የኩላሊት እጥበት ታካሚ መስሏት ሚዛን ላይ ልታወጣው ክንዱን ያዘችው።

«እኔ እንኳ ጤነኛ ነኝ» አላት፣ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው አንገቱን ደፍቶ። «ታማሚዋ እህቴ ናት።»

እህቱ ከማሽኑ እስክትላቀቅ ከጎኗ አይነሳም። ውሃ በልክ ስለተፈቀደላት እሱም በፊቷ ጠብታ አይቀምስም። በዚያ ሙቀት ኮቱን አያወልቅም፤ አንድ እጁም ኪስ አውላቂ እንደሚፈራ ሰው ከወገቡ አይለይም።

ሐኪሙ ሲወጣ ግን እስከ በሩ ተከተለው። ነርሷ እዚያው ቆማ ነበር።

«ዶክተር፣ ያ ዕድገት አነቃቂ ፕሮቲን ያሉኝ ነገር አልደረሰም? የተቆጣ ኩላሊት ያበርዳል፣ የተጎዳውንም ይጠግናል ያሉኝ?»

«ገና በምርምር ላይ ነው። ቢሳካም እንደሷ ጨርሶ ለደከመ ኩላሊት አይሆንም። የእርስዎን አንዱን ኩላሊት ቢለግሷት እንደሚስማማት ግን ነግሬዎታለሁ።»

«ነግረውኛል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለሷ ግን አልነገሯትም፣ አይደል?»

ተመልሶ ሲቀመጥ እህቱ የራሷን ውሃ ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

«ኧረ ጠጣ ወንድም ጋሼ! በሞቴ! ያንተ ኩላሊት እንኳ ይትረፍልኝ።»