ለየትኛው ቤት ልጸልይ?

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን ባልዲ ነው። ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ክዳኑ ግማሽ፣ ሽታው ሙሉ። በሆዴ “ጌታ ሆይ፣ በስተርጅና አዲስ የወንጌል መስክ ስጠኝ ብዬህ ነበር፤ እንዲህ በቶሎ ትሰማኛለህ ብዬ ግን አልጠበቅኩም” አልኩ። ሽማግሌ ሲጸልይ መጠንቀቅ አለበት።

የእስር ክፍሏ ጠባብ ነበረች። ከፍ ብላ በተሠራች አንዲት መስኮት የሶዶ ባጃጆች ጡሩምባ ይገባል። እግሬን የምዘረጋበት ቦታ ያገኘሁት ከባልዲው አጠገብ ነው። አዲስ ገቢ እዚያ ይተኛል፤ የቤቱ ሕግ ነው።

“ጋሼ፣ ምን ሠርተው ነው?” አለኝ ጢሙ መሸበት የጀመረ የአረካ ባጃጅ ሾፌር።

“ወንጌላዊ ነኝ።”

“እሱ ወንጀል ሆነ እንዴ?”

“እንደ አሰባበኩ ነው።”

ሳቁልኝ። ቀልዴን አልነበረም፤ እውነቴን ነበር። ዕድሜዬን የፈጀሁት ከገሱባ ወዲያ ባሉ የገጠር መንደሮች በማገልገል ነው። ስብከቴ ሰው ያስተኛል። ሚስቴ እንኳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ታንቀላፋ ነበር። ጌታም በአፌ ተስፋ ሲቆርጥ መሰለኝ ወደ ትከሻዬ ዞረ። ባሏ የሞተባትን ሴት እንሰት እኮተኩታለሁ፤ ምጥ የጠናባትን በቃሬዛ ተሸክመን እስከ መኪና መንገድ፣ ከዚያም ኦቶና እስካለው የሚስዮን ሆስፒታል እናደርሳለን። ከተሸከምኳቸው ውስጥ ብዙዎቹ አመኑ። ከሰበክኳቸው ውስጥ ማን እንዳመነ ግን እስካሁን እየፈለግኩ ነው።

ስለዚህ እዚያም የማውቀውን ሥራ ያዝኩ። ጠዋት ጠዋት ባልዲውን መድፋት የእኔ ሆነ።

“ፓስተር ባልዲ ሲደፋ አይቼ አላውቅም” አለ ሾፌሩ።

“ፓስተር ያልሆንኩት ለዚህ ነው እኮ።”

ከዚያ ወደ መርማሪው ተጠራሁ። ጨዋ ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጠኝ፣ አንቱ አለኝ፣ ውሃም አስመጣልኝ። ውሃውን እየጠጣሁ ሳለ ፈገግ ብሎ “ያ ጉረኛ ልጅዎ የት ነው ያለው?” ሲለኝ ውሃው ትን አለኝ።

ጉረኛ ልጄ የምለው የጎረቤቴን ልጅ ነው። ወጣት መምህር ነው፤ መምህራን በተሰበሰቡበት ጮክ ብሎ ተናገረ ተብሎ ይፈለግ ነበር። እኔ ቤት አስጠጋሁት፤ በኋላም ድሮ ወዳገለገልኩበት አገር፣ ወደማምናቸው ሰዎች ላክሁት። እናቱ ራሷ ወዴት እንደሄደ አታውቅም።

ይህን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለጸሎት ጓደኛዬ። በእኛ ዘንድ የጸሎት ጓደኛ ለሚስት የማይነገር የሚነገረው ሰው ነው። ከሥራ በፊት ማለዳ እኔ ቤት ይመጣል፤ ከመንበርከካችን በፊት “የጸሎት ርዕስ አለህ?” እንባባላለን፤ ያለንን እናወጣለን። ፀጉራችን ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እንዲሁ ነን። በዚያ ማለዳም “ያን ጉረኛ ልጄን ወደ ገሱባ በኩል ልኬዋለሁ፤ ጌታ ምላሱን እንዲያስርለት ጸልይ” አልኩት። አብረን ሳቅን። አብረን ተንበረከክን።

“ጌታ ምላሱን እንዲያስርለት ጸልየዋል አሉ” አለ መርማሪው። “ገሱባ በኩል መሆኑን ደርሰንበታል። የቀረን ቤቱ ነው። እሱን ይንገሩንና ወደ ቤትዎ ይሂዱ።”

ቢሰድበኝ እችለው ነበር። የገዛ ጸሎቴ ነው በሌላ ሰው አፍ ተመልሶ የመጣብኝ። ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤ ቤቱን ግን አልተናገርኩም። የማስታውሰው ጉልበቴን ሳሽ መቆየቴን ነው። ከዚያ ሰው ጎን ተንበርክኮ የደነደነ ጉልበት ነው።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሾፌሩ ፊቴን አየና “መቱዎት?” አለኝ።

“አልነኩኝም።”

“ታዲያ ምን ሆነው ነው?”

ነገርኩት።

በማግስቱ ጠያቂ መጣልህ ተብዬ ወጣሁ። ከአጥሩ ወዲያ የቆመው የጸሎት ጓደኛዬ ነው። አበባ የተሳለበትን የብረት ሳህን በጨርቅ ቋጥሮ ይዟል። ሳህኑን አውቀዋለሁ፤ ከልጆቹ እኩል በልቼበታለሁ። ሾፌሩም ሚስቱ ሙዝ ይዛለት መጥታ ከጎኔ ቆሞ ነበር።

“ቅመስ” አለው ፖሊሱ። እዚያ ምግብ ያመጣ ሰው በፊታቸው ሳይቀምስ አይገባለትም።

ጓደኛዬ ጨርቁን ፈታ። የተቀቀለ ጎደሬ ነው፤ ከጎኑ ዳጣ፣ ያ የሚያቃጥለው የእኛ በርበሬ። አንዱን ቆርሶ አጠቀሰ፤ ከዚያ ከልማድ የተነሳ ዓይኑን ጨፈነና ሊጸልይ ጎንበስ አለ። እኔ ሞኙም አብሬው አንገቴን ደፋሁ። ማን አዘዘህ ብዬ አንገቴን ብጠይቀው ምን ይመልስልኝ ነበር?

ዋጠው። ዳጣው ይሁን ሌላ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

“ወንድሜ፣ እንዴት ነህ?”

“እንደምታየኝ። አልወፈርኩም?”

“ምዕመኑ ሁሉ እየጸለየልህ ነው።”

“አውቃለሁ። ጸሎታችን ሩቅ ይደርሳል።”

መሬት መሬት አየ። እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምክንያት ስፈልግለት ነው ያደርኩት። አስፈራርተውት ይሆናል፤ ልጆች አሉት፤ ሰው ሲፈራ ይናገራል። እኔስ ጀግና ነኝ እንዴ? በር ሲንኳኳ ከአልጋ የምወድቅ ሰው ነኝ። ይቅርታ ቢለኝ ምን እንደምመልስለት ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ ረዘም ያለ ስብከት ነበር።

ጠጋ አለኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ማለዳ ማለዳ የማውቀው ያው የጸሎት ድምፁ ነው።

“ልጁስ? ስሙን ጠርቼ፣ ቦታውን ለይቼ ልጸልይለት ብዬ ነው። ለየትኛው ቤት ብዬ ልጸልይ?”

ያዘጋጀሁት ስብከት ሁሉ ጠፋኝ።

“ቤቱን ጌታ ያውቀዋል” አልኩት። “አንተ ልጁን ብቻ ጥራለት።”

ሳህኑን ተቀብዬ ተመለስኩ።

ሾፌሩ ሁሉንም ሰምቷል። በሩ እስኪዘጋ አልታገሠም። “ጋሼ፣ ይሄንንማ አይበሉትም! ባልዲው ውስጥ ይግባ!”

“ባልዲውን የምደፋው እኔ እኮ ነኝ።”

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ያዩኛል። ማታ ማታ ጠላትህን ውደድ እያልኩ የሰበክኋቸው ሰዎች ናቸው፤ አሁን ሳህኑን ይዤ መሃላቸው ተቀምጫለሁ። ልጸልይ ብዬ አፌን ከፈትኩ። በዚያ ሁሉ ዘመን ምግብ ላይ የምለው ሲጠፋኝ የመጀመሪያዬ ነው። ቆርሼ አደልኳቸው። ተጠራጥረው በሉ። ጎደሬው ጥሩ ነበር፤ የሚስቱ እጅ ነው፣ እሷ ምን አጠፋች? ቂም የምግብ ፍላጎት ይዘጋል ሲሉ እሰማለሁ፤ የእኔን አልዘጋም። ያሳፍራል፤ ግን እውነት ነው።

ከዚያ ሳህኑን አጠብኩት። ለመጠጥ የተሰጠኝ ውሃ ነበር። ዳጣው ከአበባው ሥዕል ላይ እስኪለቅ በጣቴ ፈተግኩት፤ በሸሚዜ ጫፍ አደረቅኩት። የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ እናቴ እንዲያ ነው ያሳደገችኝ። ሾፌሩ ከሰጠኝ ሙዝ አንዱን አስቀምጬ ነበር፤ እሱን መሃሉ ላይ አደረግሁ።

“ለይሁዳ የእኔን ሙዝ!” አለ ሾፌሩ።

“ከሰጠኸኝ በኋላማ የእኔ ነው።”

ፊቱን አዞረ። በማግስቱ ጠዋት ግን ስነሳ ባልዲውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። “ዛሬ እኔ ነኝ” አለ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም።

ለምን እንደያዙኝ በግልጽ ሳይነግሩኝ፣ ለምን እንደለቀቁኝም ሳይነግሩኝ ወጣሁ። ልጁን አላገኙትም። ነገሩ ሲበርድ በራሱ ጊዜ ተመለሰ፤ ዛሬም ያስተምራል፣ ዛሬም ጉረኛ ነው። ጓደኛዬና እኔ እሑድ እሑድ አንድ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። ያን ነገር አንስቶልኝ አያውቅም፤ እኔም አላነሳሁበትም። ማለዳ የምንበረከከው ግን ብቻዬን ነው፤ ድምፄንም አላሰማም።

በቅርቡ ታመመና ኦቶና ሆስፒታል ተኛ። ጎደሬ ቀቅዬ፣ ዳጣ ይዤ ሄድኩ። ሽማግሌ የቀቀለው ጎደሬ ምን እንደሚመስል አይጠየቅም። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሳህኑን ከፈትኩ። ፖሊስ የለም፣ ቅመስ ያለኝም የለም። አንዱን ቆርሼ አጠቀስኩና በፊቱ በላሁ፤ ከዚያ ሳህኑን ሰጠሁት።

አፉ ተንቀሳቀሰ፤ አሁን ይቅርታ ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

“የጸሎት ርዕስ አለህ?” አለኝ።

“ጉልበቴን ያመኛል” አልኩት። “ስለ ጉልበቴ ጸልይልኝ።”