«አልማዝ ትሻለኛለች» ያልኩ ቀን

ሚኒባሷ ከቴፒ መናኸሪያ ሳትወጣ ነው ስልኬ የጮኸው። ሙባረክ ነው። እሱም እኔም ሚዛን ከተማ አናጢዎች ነን፤ ያን ቀን ጅማ ዕቃ ሊገዛ ሄዶ ነበር።

«ባለሱቁ ሊዘጋ ነው፣ ቶሎ ምረጥ! መሳያ ድንጋይ ልያዝልህ ወይስ አልማዟን?»

ለማታውቁት... መሮና መላጊያ ካልተሳለ እንጨት አይቆርጥም፣ ያኝካል እንጂ። የእኔ መሳያ ድንጋይ ደግሞ ከዕድሜ ብዛት መሃሉ ጎድጉዶ ወጥ ይቀርብበታል። በማሽን እንዳልሠራ የእኛ ሰፈር መብራት እንግዳ ነው፣ መጥቶ ሳይቀመጥ ይሄዳል። አሁን ግን አልማዝ የተነሰነሰበት ጠፍጣፋ የብረት መሳያ መጥቷል። እኛ በአጭሩ «አልማዝ» ነው የምንላት። አዎ፣ «የምንላት»! አናጢ የሚወደውን ዕቃ በሴት ነው የሚጠራው... መዘዙም የመጣው ከዚሁ ነው።

እኔ ደግሞ ስልክ ላይ ቀስ ብሎ ማውራት አልፈጠረብኝም። ጅማ ድረስ በመስኮት የምጣራ ነው የሚመስለኝ።

«የድሮዋማ በቃችኝ! ስንት ዘመን ቻልኳት፣ አሁን አልቆላታል። አልማዝ ትሻለኛለች!»

«ሻካራዋን ነው ለስላሳዋን?»

«ሁለቱንም! መጀመሪያ ከሻካራዋ ጋር እታገላለሁ፣ ማሳረጊያዬ ለስላሳዋ ናት።»

«ሞርሳስ?» ሞርሳ ዕቃን ነክሶ የሚይዝ ብረት ነው።

«ጠንካራ ሞርሳ አምጣልኝ! ጠረጴዛ ላይ ጥርቅም አድርጌ ነው የማስራት። ያኔ እስቲ ንቅንቅ ትበል!»

ስልኩን ስዘጋ አጠገቤ የተቀመጡ እናት፣ ጭናቸው ላይ የኮረሪማ ከረጢት እንዳቀፉ፣ ዓይናቸውን ተክለውብኛል።

«ልጄ... ሁለቱንም ልትይዝ ነው?»

«ምን ላድርግ እናቴ፣ አንዷ ብቻዋን አትበቃኝም።»

«እጮኛ የለህም?»

«አለችኝ እንጂ! ለእሁድ ሽማግሌ እየላክሁ ነው።»

«እሷስ ይህን ታውቃለች?»

«ሰናይት? ኧረ እሷማ ጎበዝ ናት! ስንጋባ የሚቀመጡበትን ቦታ የመረጠችው ራሷ ናት። ጓዳ ውስጥ።»

«በስመአብ!» ብለው አማተቡ።

እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። ለሙያ እንዲህ ክብር ያለው ሰው መች ይገኛል ብዬ! ሸኮ ስንደርስ ደህና ዋል እንኳን ሳይሉኝ ወረዱ። ቸኩለው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ሚዛን ገብቼ ከባጃጅ ሳልወርድ ሰናይት ደወለች።

«አልማዝ ማን ናት?»

«የቷ አልማዝ?»

«ጭራሽ የቷ?! አጠገብህ የተቀመጠችው እኮ እናቴ ናት! ፎቶህን ስላሳየኋት ገና ስትሳፈር ለይታሃለች። እስቲ ጠባዩን ልየው ብላ ዝም አለችህ። አንዲት ምስኪን ጠረጴዛ ላይ አስራታለሁ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት እያለች ታለቅሳለች። እሁድ ሽማግሌ ከመጣ ውሻ እፈታለሁ ብላለች!»

ክው አልኩ። የሰናይት እናት ሸኮ እንደሚኖሩ አውቃለሁ እንጂ በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። ሰናይት ደግሞ ለመሣሪያዎቼ ጓዳ መረጠች እንጂ ስማቸውን አታውቅ፤ ዕቃው ነው ብዬ ብምል ብገዘት «ለእናቴ ንገራት፣ እሷ ካልተቀበለች እኔም የለሁበትም» ብላ ዘጋችብኝ። እሺ እስክትለኝ ድረስ የተንከራተትኩትን እኔ ነኝ የማውቀው፤ በአንዲት ጥፍጥፍ ብረት ልትቀርብኝ!

በማግሥቱ ሙባረክ ከጅማ ገና ከመግባቱ ካርቶኑን ነጥቄ ወደ ሸኮ በረርኩ። የእናትየውን ቤት ጠይቄ አገኘሁ። በሩን አንኳኩቼ፣ ደንግጬ ነው መሰለኝ፣ እንዲህ ብዬ ጮህኩ፦

«እናቴ! አልማዝን ይዣት መጥቻለሁ!»

ምላሴን በቆረጠው! ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እማማ የቡና መውቀጫ ዘነዘና እንደያዙ ብቅ አሉ።

«ጭራሽ ይዘሃት መጣህ?!» እኔን አልፈው ከኋላዬ ሴት ይፈልጋሉ።

ካርቶኑን ከፈትኩ። ጎንበስ ብለው አዩ። ደግመው አዩ።

«አልማዝ ማለት ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

«ሻካራዋስ?»

«ይህቺኛዋ።»

«የምታስራትስ?»

«እሷኑ ነው፣ በዚህ ሞርሳ። ስስል እንዳትንሸራተትብኝ።»

ገብተው ቅቤ እንኳን የማትቆርጥ ቢላ ይዘው ወጡ። «እንግዲያው ሳላት፣ ልያት።» አልማዟን አግዳሚው ጫፍ ላይ በሞርሳ ጠፈርኳት፣ ውሃ ጠብ አደረግሁና እየጸለይኩ ሳልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ ስዬ አላውቅም። እማማ ጎደሬ አምጥተው ቢላዋን ገና ከማሳረፋቸው ለሁለት ተከፈለ።

ከዚያ ሳቃቸው መጣ። ዘነዘናውን ጥለው፣ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ሳቁ። «እግዜር ይይልህ! ለዚች ብረት ነው እንቅልፍ አጥቼ ያደርኩት?»

እሁድ ሽማግሌዎቼ ሄዱ። እኔ ሚዛን ቁጭ ብዬ ጥፍሬን እበላለሁ። ሲመለሱ የሁሉም ፊት ተለዋውጧል። አንጋፋው ጎተት አድርገው ለብቻዬ ወሰዱኝ።

«ልጅቷን ሰጥተውናል፣ እንኳን ደስ ያለህ። ግን ልጄ... እናትየው "ለእሱ ሰናይት ትበቃዋለች፣ አልማዝ እኔ ጋ ትቀራለች" አሉን። ምን ጉድ ነው የደበቅኸን?»

እንዳሉትም ቀረች። ይኸው ተጋብተን መሮዬ በዶለዶመ ቁጥር ሰናይትን «አልማዝ ጋ ደርሼ ልምጣ» እላታለሁ... እሷም «ለአልማዝም ለእናቴም ሰላም በልልኝ» ብላ ትሸኘኛለች።