የሬሳው ትንፋሽ

ባልደረባዬን ብናኝ ብለን የምንጠራው ብናኝ ስለሚለቅም ነው። የድሮ የጦር ፊልሞች ለየቤቱ ትልልቅ ቴሌቪዥን ጥርት ተደርገው ሲታደሱ፣ ምስሉ ላይ ያለውን ጭረትና ጉድፍ አንድ በአንድ የሚያነሳው እሱ ነው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ድምፁን አጸዳለሁ። ንዴቱ አፍንጫው ላይ ነው፤ በር ጓ ብሎ ከተዘጋ ይቆጣል፣ ኪቦርዱ ላይ ፍርፋሪ ካየ ይቆጣል። ከሁሉ የሚጠላው ግን ሥራውን በሙሉ ለማሽን ሰጥተው የሰው ፊት እንደ ሳሙና የሚያለሰልሱትን ነው። "ጭረት አጠፋለሁ ብለው የሰውየውን ሽብሽብ ይዘውበት ይሄዳሉ" ይላል። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።"

አባቱ የሞቱት እሱ ጡት ሳይጥል ነው። የቀን ሠራተኛ ነበሩ። አንድ ጊዜ ፊልም ሠሪዎች ሰው ሲፈልጉ ሄደው፣ የወታደር ልብስ ለብሰው፣ ሬሳ ሆነው ተኝተዋል። እናቱ ይህን ባወሩ ቁጥር ይስቃሉ። "አስም ያለበትን ሰው ሬሳ ያደርጉታል? ተኝቶ እንኳ በትንፋሹ ቤት የሚነቀንቅ ሰው!" ቤታቸው ያለው አንድ የተላጠ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። በፊልሙ የድሮ ካሴት ላይ ሬሳዎቹ ሁሉ የጭቃ ክምር ይመስላሉ፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም።

ታዲያ ያ ፊልም ለእድሳት እኛው ዘንድ መጣ። ውጊያው አልቆ ካሜራው በሙታኑ መካከል ቀስ ብሎ ሲያልፍ፣ ብናኝ ምስሉን አቁሞ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ከፊት የተኛው ሰው አገጭ ቁርጥ የራሱ የብናኝ አገጭ ነው። መልሶ ሲያጫውተው የሰውየው ደረት ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ብናኝ በዕድሜው አባቱ ሲንቀሳቀሱ አይቶ አያውቅም። ያን ቀን ማንንም አልተቆጣም። ለእናቱ ደውሎ፣ "እማ፣ አባዬ ሲተነፍስ አሳይሻለሁ" አላቸው።

አለቃችን ግን አየው።

"ሬሳው ይተነፍሳል እኮ" አለ። "በትልቅ ቴሌቪዥን ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ገዢው ይስቅብናል። ደረቱን አቁመው።"

"አባቴ ነው" አለ ብናኝ።

አለቃችን፣ "ነፍሳቸውን ይማር" አለ። "ግን ፊልሙ ላይ ሞተዋል አይደል?"

"እርስዎ አባትዎን በገዛ እጅዎ ያንቃሉ?"

"ሥራ እኮ ነው።"

አንቱታው እዚያ ላይ ቀረ። "ሥራ አትበለኝ። ሰውየው አንዴ ሞቷል፣ አሁን ደግሞ እኔ ልግደለው? ፊልሙን የሠሩት ሰዎች አይተው ትተውታል። አንተ ማን ነህና ነው?"

ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ያ ሌላው ሰው ከምሳ በፊት ጨርሶት ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ብናኝ ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ። የእኔም ደም ፈላ፣ ዛሬም ሳስበው ይፈላል። ገዢው ይስቃል ተብሎ! ቢስቅስ? የሚተነፍስ ሰው አይቶ የሳቀ ምን ጎደለበት?

የድምፁ ሥራ ገና እኔ እጅ ላይ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ነፋስ ይሰማል፣ ከነፋሱ ሥር ደግሞ ቀጭን፣ ሲር ሲር የሚል ነገር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንደ ጉድፍ ጠርጌ እጥለው ነበር። ነፋሱን ቀንሼ እሱን ተውኩት። ለብናኝ አልነገርኩትም፤ ከአለቃው ጋር ሲጨቃጨቅ ከአፉ እንደሚያመልጠው አውቃለሁ። አለቃችን ሥራውን ሊያይ ሲመጣ ስልክ እያወራ ነበር። ምስሉን ብቻ አየና፣ "አሁን ሬሳ ሆነ" ብሎኝ ሄደ።

ዲስኩ ሲወጣ ብናኝ ለእናቱ መውሰድ አልፈለገም። "ምን ብዬ ላሳያት?" አለኝ። እየጎተትኩ ወሰድኩት።

እናቱ መነጽራቸውን ጠርገው ቴሌቪዥኑ ፊት ተጠግተው ተቀመጡ። ካሜራው ሙታኑ ጋ ደረሰ። አባትየው ድንጋይ መስለው ተኝተዋል። እናትየው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ጠበቁ።

ብናኝ አቀርቅሮ፣ "እማ፣ ገደሉት" አለ። "ይተነፍስ ነበር፣ እምልልሻለሁ።"

"ዝም በል እስቲ" አሉት።

ከነፋሱ ሥር ሲር ሲር ይላል።

እናቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ቆይተው፣ "ይኸው፣ ሞቶም ሰው አያስተኛም" አሉ። ከዚያ እንባቸውን ሳይጠርጉ ወደ እኔ ዞሩ።

"ድምፁን ጨምሪልኝ፣ ልጄ።"